የግል ጀልባ የማይገባበት ባሕር፦ የማያ ቤይ ጉዳይ

ታይላንድ ሄዶ ለአንድ ቀን የግል ጀልባ የሚከራይ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማያ ቤይን በልቡ ይዞ ነው ወደ ባሕሩ ዳር የሚወርደው። ማያ ቤይ በአንዳማን ባሕር ላይ፣ ሰው በማይኖርባት ፒፒ ሌ በምትባል ትንሽ ደሴት ምዕራባዊ ጎን የሚገኝ የባሕር ጉያ ነው። መቶ ሜትር ገደማ የሚደርስ የኖራ ድንጋይ ገደል ዙሪያውን ይዞታል፤ ባሕሩ የሚገባው በአንድ በኩል ባለ አፍ ነው። ከውስጥ ነጭ አሸዋና ታቹ የሚታይ ጥልቀት የሌለው ውኃ አለ። ዛሬ በዚያ አፍ የጎብኚ ጀልባ አይገባም። ፉኬት ከምትባለው ትልቅ ደሴት በውድ የተከራየ ፈጣን ጀልባም ይሁን የደሴቱ ሰው የእንጨት ጀልባ፣ ሕጉ አንድ ነው።

የግል ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎች የሚሸጡት ነገር ቢመረመር ሰዓት ነው። ባሻችሁ ጊዜ ትነሳላችሁ፣ ደስ ባላችሁ ቦታ ትቆማላችሁ፣ ሕዝቡ ሳይደርስ ትደርሳላችሁ ይሏችኋል። ማያ ቤይ ይህ ተስፋ እስከ ጥግ ድረስ የተሸጠበት፣ ባሕሩ የተጎዳበት፣ በኋላም መንግሥት ሰዓቱን ከሻጩም ከገዢውም እጅ የወሰደበት ቦታ ነው። ስለዚህ በደሴቶች መካከል በግል ጀልባ መዋል ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።)

እስከ 2018

ፒፒ ሌና ሰው የሚኖርባት ጎረቤቷ ፒፒ ዶን ከ1983 ጀምሮ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ናቸው። በወረቀት የተጠበቀ ቦታ ነበር ማለት ነው። በ1999 ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የሚተውንበት የሆሊውድ ፊልም ሊቀረጽ ሲመጣ፣ አሸዋው ለካሜራ እንዲያምር ተብሎ ተደለደለ፣ አሸዋውን በሥሩ አቅፎ የያዘው የባሕር ዳር ተክል ተነቀለ፣ በምትኩ የኮኮናት ዛፎች ተተከሉ። የአካባቢው አስተዳደርና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ከሰሱ፤ ክርክሩ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶ በ2022 ነው በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተቋጨው። እኔን ከፊልሙ ቀረጻ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ፊልሙ በ2000 ከታየ በኋላ የመጣው ነው። ቀረጻው አንድ ወቅት ነው፤ ተመልካቹ ግን በየዓመቱ ይመጣል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በበጋ በቀን እስከ 5,000 ሰው ይገባ ነበር። የባሕር ዳሩ ርዝመት 300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሕዝቡን የሚያመጡት ጀልባዎች እዚያው አሸዋው ላይ ነበር የሚቆሙት፤ ባለ ረጅም ጅራት የሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች በአፍንጫቸው አሸዋው ላይ ይወጣሉ፣ ፈጣን ጀልባዎቹ ጀርባቸውን ወደ መሬት አዙረው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከሩቅ ሲታይ ባሕሩ አይታይም፣ ጀልባ ብቻ።

ጉዳቱ በአብዛኛው የመጣው ከሰው እግር ሳይሆን ከዚህ አቋቋም ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ በአካሉ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሞተር ፕሮፔለር ሲሽከረከር የታቹን አሸዋ ያስነሳል፤ አሸዋው ተንሳፎ ብርሃኑን ይከልላል፣ ሲሰክን ደግሞ ኮራሉ ላይ ያርፋል። መልሕቅ የወደቀበት ኮራል ይሰበራል፤ የተሰበረው ለማደግ ብዙ ዓመታት ይፈልጋል። የነዳጅ ጠብታ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የሚረግጥ እግር በዚህ ላይ ይጨመራሉ።

እዚህ ላይ የግል ጀልባው ድርሻ ብዙ ጊዜ አይነሳም። የጋራ ጉዞ የገዙ ቱሪስቶች የሚደርሱት ከፉኬትና ከክራቢ ተነስተው ስለሆነ ረፋድ ላይ ነበር። ይህን የሚያውቅና ገንዘብ ያለው ሰው ፒፒ ዶን ላይ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ጀልባ ተከራይቶ ቀድሟቸው ይገባል። ሌላው ሁሉም ሲሄዱ ማታ ይመጣል። አንድ ሰሞን በባሕሩ ጉያ ውስጥ አድሮ የሚያሳልፍ ጉዞ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። «ሰው ሳይበዛ» የሚለው ምክር ለእያንዳንዱ መንገደኛ ጥሩ ነው፤ ምክሩን ሁሉም ሲሰማው ግን ለባሕሩ ቀርታ የነበረችው የዕረፍት ሰዓትም ትበላለች። ብቻውን መሆን የፈለገው ሰው የቀኑን የመጀመሪያ መልሕቅ ይጥላል፣ እንደሱ ያለው ሌላው ደግሞ የመጨረሻውን ይነቅላል። ያልተጨናነቀ ሰዓት ሲሸጥ ሲሸጥ አለቀ።

መዘጋቱ

ከጁን 1 ቀን 2018 ጀምሮ ማያ ቤይ ተዘጋ። መጀመሪያ የተባለው አራት ወር ነበር፤ የዝናቡ ወራት ስለሆኑ ገበያውም ቀዝቃዛ ነው፣ ብዙም አይጎዳም ተባለ። አራቱ ወር ሲያልቅ ጉዳቱ በዚያ ጊዜ እንደማይሽር ታየና መዘጋቱ ያለ ቀን ገደብ ተራዘመ። በ2019 እንደገና እስከ 2021 አጋማሽ ተባለ። ከዚያ ኮቪድ መጣ።

ታይላንድ ከዚያ በፊትም በ2016 ኮ ታቻይ የተባለችውን ደሴት በተመሳሳይ ምክንያት ዘግታለች፤ ፊሊፒንስም በዚያው በ2018 ቦራካይን ለስድስት ወር ዘግታለች። ማያ ቤይን የሚለየው ገቢው ነው። ፓርኩ በአገሪቱ ከፍተኛ ገንዘብ ከሚያስገቡት አንዱ ነበር፣ ስሙም በየጉዞ ወኪሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። የጀልባ ሰዎችና የሆቴል ባለቤቶች ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ስግብግብነት ብቻ አይመስለኝም፤ በ2004 ዲሴምበር ሱናሚ ፒፒ ዶንን ጠራርጎ ከወሰዳት ወዲህ የተመለሰው ኑሮ በሙሉ የቆመው በጎብኚ ላይ ነው። እነሱም ቢሆኑ መላ አላጡም። የባሕሩ አፍ በተንሳፋፊ ምልክት ሲታጠር፣ ጉዞው «ማያ ቤይ» ተብሎ መሸጡን ቀጠለ፤ እንግዳው ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል።

በተዘጋው ውኃ ውስጥ ተመራማሪዎችና የፓርኩ ሠራተኞች ሌላ ቦታ ያደገ ኮራል ተከሉ። ከእነሱ መካከል ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው በካሴትሳርት ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ መምህር የሆነው ቶን ታምሮንግናዋሳዋት ነው፤ ቦታው ይዘጋ ብሎ በአደባባይ ሲከራከር የነበረውም እሱ ነው። ኮራሉ እስኪያድግ መጠበቅ ግድ ነበር፤ ሻርኮቹ ግን አልጠበቁም። በተዘጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ክንፋቸው ጫፉ ላይ የጠቆረ የሪፍ ሻርኮች በጉያው ውስጥ በመንጋ ሲመላለሱ ታዩ። እነዚህ ሰውን የሚያስፈራ መጠን የላቸውም። ግልገሎቻቸው የሚያድጉት ትልልቅ ዓሣ በማይደርስበት፣ ለሰው ከጉልበት በማያልፍ ውኃ ውስጥ ነው። ያም ማለት ቱሪስቱ ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ስፍራ ለእነሱ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር።

ሲከፈት ምን ተለወጠ

በጃንዋሪ 2022 ተከፈተ። ጀልባ በምዕራቡ አፍ መግባቱ ቀርቶ፣ በደሴቷ ጀርባ ሎህ ሳማ በሚባል ትንሽ ጉያ ተንሳፋፊ መድረሻ ተሠራ። እንግዳው እዚያ ወርዶ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት መራመጃ በጫካው መሃል ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ በእግሩ ወደ ማያ ቤይ ይገባል። በአንድ ዙር 375 ሰው፣ ለአንድ ሰዓት። መዋኘት የለም፤ በተፈቀደው ቦታ እግርን ማስነከር ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሻርኮቹ መታየት እንደገና ሲቀንስ ፓርኩ በዚያው ዓመት ኦገስትና ሴፕቴምበርን ዘጋ፤ አሁን እነዚህ ሁለት ወራት በየዓመቱ የዕረፍት ጊዜ ሆነው ቀርተዋል።

ቁጥሩን ያየ ሰው ግራ ይጋባል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ዙሮቹ ሁሉ ቢሞሉ በቀን ከ4,000 ሰው ያልፋል፤ ከድሮው እስከ 5,000 ብዙም የራቀ አይደለም። ታዲያ ምኑ ተሻሻለ? ጀልባው ወጣ። በጉያው ውኃ ውስጥ ፕሮፔለር የለም፣ መልሕቅ የለም፣ ዋናተኛ የለም። ሕዝቡ አሸዋው ላይ በየተራው ይቆማል እንጂ በአንድ ረፋድ አይከመርም። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ባሕሩን የጎዳው የሰው ብዛት ነው ሲባል ዓመታት ቢያልፉም፣ ውጤት ያመጣው ግን ሰውን ከጀልባው መለየት ነው።

በዚህ ምክንያት የግል ጀልባ ማያ ቤይ ላይ ያለው ጥቅም ተሟጠጠ ማለት ይቻላል። በጋራ የመጣውም በግል የመጣውም በአንድ መራመጃ ይሄዳል፣ እኩል አንድ ሰዓት ይሰጠዋል። ለውጭ አገር ሰው 400 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) የነበረው የፓርክ መግቢያም ከጀልባው ኪራይ ተለይቶ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። ጀልባውን ስትከራዩ ይህ ይካተት አይካተት መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይካተትም።

ቀኑ እንዴት ይውላል

ሁለት ዓይነት ጀልባ አለ፤ ምርጫው ቀኑን ይወስናል። ፈጣን ጀልባ ከፉኬት ወይም ከክራቢ ይነሳል፤ ከፉኬት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ የግል ኪራዩ በአስር ሺዎች ባት ይቆጠራል። ባለ ረጅም ጅራቱ ግን ከፒፒ ዶን፣ ከቶንሳይ ባሕር ዳር ይነሳል፤ ለግማሽ ቀን በጥቂት ሺህ ባት ይገኛል። ከቶንሳይ ፒፒ ሌ ቅርብ ናት፣ በእንጨት ጀልባ እንኳ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ባሕር ዳር ላይ ጣና ገዳማት ለመሄድ ጀልባ የተከራየ ሰው ስሌቱን ያውቀዋል፣ ስድስት ሆኖ መሄድ ከሁለት ይሻላል።

ባለ ረጅም ጅራቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ከኋላው ብዙ ጊዜ ከመኪና የተፈታ ሞተር በአንድ ምሰሶ ላይ ይጫናል፤ ከሞተሩ ረጅም ብረት ይወጣና ፕሮፔለሩ ጫፉ ላይ ይታሰራል። ጀልበኛው ሞተሩን በእጁ ተጭኖ ብረቱን ከውኃው ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚችል ጥልቀት የሌለው ቦታ ያልፋል፣ አሸዋውንም ሳያስነሳ። ጩኸቱ ግን ጆሮ ይበጥሳል፤ መሐል ባሕር ላይ ወሬ አይታሰብም። ፊት ለፊት አፍንጫው ላይ የታሰረው ባለ ቀለም ጨርቅና የአበባ ጉንጉን ጌጥ አይደለም፤ ጀልባዋን ትጠብቃለች ለሚሏት መንፈስ የቀረበ ክብር ነው። ፎቶ ለመነሳት አፍንጫው ላይ መቆም ጀልበኛውን ያስቀይማል፤ ደንበኛ ናችሁና ዝም ሊል ይችላል።

ሰዓት ስትቀጥሩ በጽሑፍ ተስማሙ። ታይላንዶች በባህላቸው ማታን እንደኛ ከአንድ ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ ይህ ደስ ቢልም ከቱሪስት ጋር ሲነጋገሩ በፈረንጅ ቆጠራ ስለሆነ፣ «ሰባት» ሲሏችሁ የእኛ የጠዋቱ አንድ ነው።

የቀኑን ቅደም ተከተል የሚወስነው ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ ነው። በአንዳማን ባሕር ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ጨረቃ አዲስ ስትሆንና ሙሉ ስትሆን ልዩነቱ ይበረታል። በፒፒ ሌ ምሥራቃዊ ጎን ያለው ፒሌ የተባለው ገደል የከበበው ኩሬ መግቢያው ጥልቀት ስለሌለው፣ ውኃው ሲሸሽ ጀልባ ይቸገርበታል። ስለዚህ ጥሩ ጀልበኛ ከማያ ቤይ ዙራችሁ በፊት የባሕሩን ሰዓት ያያል፤ ሞልቶ ሳለ ፒሌ፣ ሲሸሽ ወደ ሌላው። የግል ጀልባ ገንዘቡን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። የጋራ ጉዞ መርሐ ግብር የታተመ ነውና ውኃው ቢሸሽም ተራው ሲደርስ ይመጣል።

ከፒሌ ብዙም ሳይርቅ ቫይኪንግ የሚባለው ዋሻ አለ። ግድግዳው ላይ በተሳሉ የመርከብ ሥዕሎች ምክንያት ነው ስሙን ያገኘው፤ ቫይኪንጎች ግን በዚያ አልፈው አያውቁም። መውረድ ክልክል ነው። ዋሻው ውስጥ ከምራቃቸው ጎጆ የሚሠሩ ትንንሽ ወፎች ይኖራሉ፣ ጎጆውን ቻይናውያን ሾርባ ያደርጉታል፣ ዋጋውም እጅግ ውድ ነው። ለቃሚዎቹ የሚወጡበት የቀርከሃ መሰላል ከጀልባው ላይ ሆኖ ይታያል። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ባምቡ ደሴት የሚሄድ አለ። መንገዱ ክፍት ባሕር ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይነሳል። ትንሽ ልጅ ወይም ማዕበል የሚያመው ሰው ካለ ጠዋት ጨርሶ መመለስ ይሻላል። መዋኘት ለሚወድ ለዋና የተፈቀዱት ቦታዎች ከማያ ቤይ ውጪ ናቸው፤ ቅባት ሲቀቡ ግን ታይላንድ ከ2021 ጀምሮ በባሕር ፓርኮች ውስጥ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያሉባቸውን ጨምሮ ኮራል የሚጎዱ የፀሐይ መከላከያዎችን ከልክላለች፣ ቅጣቱም እስከ 100,000 ባት ነው። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ቅባቱንም ሐሳቡንም ይቀንሳል።

አልሄድም ማለት

የግል ጀልባ የሚሰጠው ሌላው ትልቅ መብት መቅረት ነው፤ ሰዎች ግን የከፈሉት ገንዘብ እያሳሰባቸው አይጠቀሙበትም። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ሞንሱን የሚባለው የዝናብ ወቅት ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ማያ ቤይ ወደ ምዕራብ የተከፈተ ስለሆነ ማዕበሉ በቀጥታ ይመጣበታል። ማያ ቤይ በተዘጋ በሁለተኛው ወር፣ ጁላይ 5 ቀን 2018፣ ከፉኬት ወጣ ብሎ አንድ የጎብኚዎች ጀልባ በማዕበል ሰጥሞ 47 ቻይናውያን ሞቱ። የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ይህን ሳስብ ከኪራይ ውሉ ላይ ከሁሉ በፊት የማየው አንድ መስመር ነው፦ ጀልበኛው ዛሬ አይሆንም ካለ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል? መልሱ «አይመለስም» ከሆነ፣ ጀልበኛውንም እናንተንም በመጥፎ ባሕር እንድትወጡ የሚገፋችሁ ገንዘቡ ነው።

ከደጋ ያደግን ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም፤ ይህን ለጀልበኛው መናገር የሚያሳፍር አይደለም። የሕይወት አድን ጃኬቱ በቁጥር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ለልጅ የሚሆን መጠን መኖሩን ከመነሳታችሁ በፊት አልብሳችሁ እዩ። ፒሌ ላይ ጀልባው ሲቆም መሰላሉን ይዞ ውኃ ውስጥ መቆየት ይቻላል፤ ጃኬት ለብሶ መንሳፈፍም ዋና ሳይችሉ ዓሣ ለማየት ይበቃል። ሞተር እየሠራ ማንም አይግባ።

ፒሌን ሁለት ጊዜ ያነሳሁት ለሌላ ምክንያት ጭምር ነው። ማያ ቤይ በተዘጋባቸው ዓመታት የጉዞ ሻጮች እንግዳውን ማድረሻ ሲያጡ ወደዚያ ነበር የዞሩት። በማያ ቤይ የተከለከለው ነገር ሁሉ፣ ጎን ለጎን የተሰለፈው ጀልባ፣ ከጀልባ የሚዘለው ዋናተኛ፣ የሚንተከተከው ሞተር፣ በዚያችው ደሴት ሌላ ጎን በጠባቡ ኩሬ ውስጥ ሲፈቀድ ቆይቷል። ጎህ ሲቀድ ቶንሳይ ላይ «ሰው ሳይበዛ ላድርሳችሁ» የሚል ጀልበኛ አሁን የሚያስበው ማያ ቤይን አይደለም፣ ፒሌን ነው።